የጄሊ ከረሜላ ስኳር ሲቀልጥና ሲረግፍ

በሐምሌ፣ ደሴ ጉም ሲወርዳት፣ ስኳር የለበሰ ጄሊ ከረሜላ ሳህን ላይ ካደረ ጠዋት የሚጠብቃችሁ ሽሮፕ ነው። ብዙ ሰው ስኳር ይደርብበታል። አይረባም፤ አዲሱም ይቀልጣል።

ስኳር እርጥበት ይስባል። ከአየሩ ብቻ አይደለም፤ ከከረሜላው ከራሱም ነው። ስለዚህ ማልበሱን ትታችሁ መጀመሪያ አድርቁት። ሰፌድ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉና ሳይነካካ ደርድሩት። ሳይከደን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ፤ መሃል ላይ አገላብጡት። በክረምት ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። የምታለብሱት ተራውን ስኳር ይሁን፤ የተፈጨው ቶሎ ይሟሟል። ትንሽ የበቆሎ ስታርች ቢቀላቀልበት ጥሩ ነው፤ ከበዛ ግን ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

ደርቆም ካላበው ፍሪጁን ጠርጥሩ። በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ከረሜላ ሲወጣ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጠብታ ይሆናል። እንደተከደነ ቅዝቃዜው ይውጣለት፣ ከዚያ ክፈቱት።

ኮምጣጣው ስኳር ደግሞ ይብሳል፤ የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድም እርጥበት ይጠራል። ለ10 ማንኪያ ስኳር 1 ማንኪያ ይበቃል። የምታለብሱትም ሊበላ ሲል ነው። በሎሚ ጭማቂ መተካት አይታሰብም።

ስኳሩ አልይዝ ብሎ ቢረግፍስ? ወይ ቅርጽ ማውጫው ላይ ዘይት በዝቷል፤ ከረሜላውን በሶፍት ጥረጉት። ወይ ከመጠን በላይ ደርቋል። እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልብ ይበል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላለ ቦታ የተጻፈ አሠራር «ሽሮፑ 115 ይድረስ» ካለ፣ እናንተ 107 ገደማ ላይ አውርዱት። አለዚያ ውሃው አልቆ ከረሜላው ድርቅ ይላል። ደርቆ የተገኘውን በእንፋሎት ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳልፉና ወዲያው ስኳር ውስጥ አንከባሉት።

ከረሜላውን የሚያረጋው ጄላቲን ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ እዩ። ወሎ ውስጥ ለቡና የሚሰበሰበው ጎረቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው፤ የአሳማውን ሁለቱም አይነኩትም። ጾም ሲሆን ደግሞ የላሙም ይቀራል። ያኔ ከባሕር አረም የሚሠራው አጋር አጋር አለ። ችግሩ፣ ተቀምጦ ውሃ ያወጣል። ስለዚህ ስኳሩን እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ አልብሱት፤ የተረፈውን ደግሞ ሳታለብሱ አስቀምጡ።