ሐረጎ ዳገት ላይ የሚንተፋተፍ ሞተር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መኪናው ከኮምቦልቻ ሲነሳ ደህና ነው። ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ላይ ዳገቱ ሲጠነክርና ነዳጅ ሲረገጥለት ግን ይንተፋተፋል፤ ይርገፈገፋል፤ ጉልበት ያጣል። ደሴ ገብቶ ሲቆም ደግሞ ሞተሩ ምንም ያልነካው ይመስላል። ይህን ምልክት ይዘው ከመጡልኝ የቤንዚን መኪኖች ብዙዎቹ አስቀድሞ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮላቸዋል፤ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ተብለው ታንከር ያስወረዱም አሉ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ያየ ግን አልነበረም።

ነዳጅ መስጫው በተረገጠ ቁጥር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይበዛል። ይህ አየር ታምቆ ሲወፍር ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ጫፉ ተበልቶ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ግን ቮልቴጁን የሚሰጠው ቦቢና አይችለውም። የካንዴላው ነጭ ሸክላ የተሰነጠቀ እንደሆነም ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ትቶ በስንጥቁ በኩል ካንዴላው ወደሚታሰርበት የሞተሩ ክዳን፣ ወደ ቴስታታው፣ ያመልጣል።

«አዲስ ነው» የሚለው መልስ ያስቆጣኛል። አንድ የቪትዝ ባለቤት ሦስት ጋራዥ ዞረው መጡ። «ጋሼ፣ ካንዴላው መቼ ተቀየረ?» አልኳቸው። «ባለፈው ወር ነው፤ እሱን ተወው፣ አዲስ ነው» አሉኝ። ፈታሁት። የአንዱ ክፍተት 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚያ ሞተር የሚያስፈልገው 1.1 ነው። የጎኑ ጫፍ ከመሃሉ ጋር አይገጥምም፤ ጽሑፉ በጨርቅ ሲታሽ ለቀቀ። እውነተኛው ሬዚስተር ያለው ካንዴላ በቴስተር ሲለካ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፤ የእሳቸው ምንም አላሳየም። በእውነተኛው ካንዴላ ዋጋ አስመሳዩን ሸጠውላቸዋል። አራቱንም ቀይሬ በዚያው ቀን ሐረጎን ያለ አንዳች መንተፋተፍ ወጡ።

ሌላው ሰው ደግሞ ትክክለኛውን ገዝቶ ሲሚንቶ ላይ ጣለው፤ አንስቶ ጠረገና ገጠመው። ሲፈታ የታየው ሸክላው ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው። የወደቀ ካንዴላ አይገጠምም! ከሸክላው ሥር፣ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለበት ግን ጉዳት አይደለም፤ በእሱ ምክንያት ካንዴላ አትጣሉ።

ጥፋተኛውን ለመለየት የተጠረጠረውን ካንዴላ ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር አቀያይሩ። ኮምፒውተሩ ላይ ፒ0303 (የሦስተኛው ሲሊንደር መንተፋተፍ) ይነበብ የነበረው ወደ ፒ0302 (ወደ ሁለተኛው) ከዞረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልዞረ ቦቢናውን በዚሁ መንገድ አቀያይሩ። እየተንተፋተፈ ለሳምንታት አትንዱ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያጠፋዋል።

የተፈታው ካንዴላ ቀለምም ይናገራል። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ደህና ነው። ዘይት የነከረው ጥቁር ዘይት የሚያግዱት የፒስቶን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቃቸውን ያመለክታል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለው ሞተሩ መጋሉን፣ ነዳጅ ማነሱን ወይም ካንዴላው ያለ ቦታው መግባቱን ይነግራል። ደረቅ ጥላሸት የነዳጅ መብዛት ነው፤ ቆላው ሚሌ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር አየሩ በሳሳበት ደሴ ላይ ይህን ያመጣል። አቧራ የዘጋው የአየር ፊልትሮም እንዲሁ።

ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሱ ውፍረትና ርዝመት እኩል መሆን አለበት፤ የረዘመ ካንዴላ ፒስቶን ይመታል። «ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ። ቁጥሩ ካንዴላው ሙቀትን የሚያስወግድበትን ፍጥነት የሚለይ ነው፤ በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ፈጥኖ የሚያስወግድ ነው፤ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። በብዙዎቹ መለያ መጨረሻ ላይ ያለው 11 ክፍተቱ 1.1 መሆኑን ይገልጻል፤ ቢሆንም ለክታችሁ ግጠሙ። የኢሪዲየምን ጫፍ በመፍቻ አታጥምዙ፤ በሽቦ ብሩሽም አትፈትጉ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የቀጠነ ነውና ይሰበራል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ሐረጎን ወጥቶ የጋለ ሞተር ላይ ካንዴላ አትፍቱ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው። አንድ ወጣት ደንበኛው ስለቸኮለበት ትኩሱን ፈታ፤ የቴስታታው ጥርስ ከካንዴላው ጋር ተላጦ ወጣ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ቴስታታ ወደ ማውረድ ተለወጠ። እጅ እስኪያስችል ይቀዝቅዝ። ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉ፤ ያለዚያ የመንገዱ አቧራ በሙሉ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል።

አዲሱን ቀጭን የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ በእጅ አስገቡት፤ ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው ይንሸራተትና ያድናችኋል። በቁልፍ የተጀመረ ካንዴላ ግን ቴስታታውን እየበላ ይገባል። በእጅ ሲጠብቅ፣ ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) ያለውን 14 ሚሊ ሜትር አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ብቻ ጨምሩለት። ጥርሱን ግሪስ አትቀቡ፤ ሳይታወቃችሁ ከልክ በላይ ያጠብቃል።

ከዚያ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ውጡ። አሁንም ከተንተፋተፈ፣ ቦቢናዎቹም ተቀያይረው ደህና ከሆኑ፣ የነዳጅ ፊልትሮውንና ፓምፑን የምትፈትሹት ያን ጊዜ ነው።