በትንሽ ገንዘብ የብስክሌት ዕቃ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ብስክሌቱ ተገዝቷል። እጃችሁ ላይ የቀረው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ መግዛት የሚያምራችሁ ዕቃ ግን ማለቂያ የለውም። መብራት፣ ፓምፕ፣ ቦርሳ፣ ጓንት፣ የስልክ ማሰሪያ... እኔ አንድ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ይሄ ባይኖረኝ መንገድ ላይ እቀራለሁ ወይ? ይሄ ባይኖረኝ እጎዳለሁ ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አይ» ከሆነ ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ተራውን ይጠብቅ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት

ብስክሌት የተገዛ ቀን ልብ ይሞቃል፣ እጅም ይፈታል። በተለይ በአንድ ቦርሳ ታጭቀው ከሚሸጡ ስብስቦች ተጠንቀቁ። ፓምፑም፣ መብራቱም፣ መፍቻውም አብሮ አለ፣ ዋጋውም የረከሰ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውስጡ ካለው አንዱም ወግ ያለው ሥራ ስለማይሠራ በኋላ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ትገዙታላችሁ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ንዱ። ያስቸገራችሁን ነገር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ቦርሳ አዝላችሁ ጀርባችሁ በላብ የሚርስ ከሆነ የዕቃ መጫኛ ያስፈልጋችኋል። መሽቶባችሁ የምትመለሱ ከሆነ መብራት ይቀድማል። የፍሬኑ ጎማ ካለቀ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆይና እሱ ይቀየር።

ቫልቩን ሳያዩ ፓምፕ መግዛት

ሰው በብዛት ሲሳሳትበት የማየው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። የብስክሌት ቫልቭ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወፍራም ነው፣ የመኪና ጎማ ላይ ያለው ዓይነት። ሌላው ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ አለው፣ ከመንፋታችሁ በፊት እሷን ማላላት አለባችሁ። ለአንዱ የተሠራ የፓምፕ አፍ ለሌላው አይሆንም።

የመጀመሪያው ፓምፔ ለወራት ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ጎማዬ ተበሳ። ከመነዳሪውን አወጣሁ፣ ለጠፍኩ፣ መለስኩ፣ ሁሉም ሰመረ። ፓምፑን ስገጥመው ግን አየሩ በጎን ያመልጣል። የፓምፑ አፍ ለወፍራም ቫልቭ ነው፣ የኔ ብስክሌት ቫልቭ ቀጭን። ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ የገዛሁ ዕለት ቤት ውስጥ ሳልሞክረው ቦርሳ ውስጥ አልከትም፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ለሁለቱም ቫልቭ የሚሆን ፓምፕ አለ፣ እሱን ምረጡ። አጭር የላስቲክ ቱቦ ያለው ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ ቱቦ የሌለው በእያንዳንዱ ምት ቫልቩን ወዲያ ወዲህ ስለሚጎትተው ከሥሩ ሊቀድደው ይችላል።

የጎማውን ቁጥር በግምት መያዝ

«የኔ 26 ነው» ብሎ ጎማ ወይም ከመነዳሪ መግዛት አይበቃም። የጎማችሁን ጎን በጨርቅ ጥረጉና ጽሑፉን አንብቡት። 26 x 1.95 የሚለው አጠገብ 50-559 የሚል ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከሰረዙ በፊት ያለው የጎማው ስፋት ነው፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ዋናው ሁለተኛው ነው። 26 x 1 3/8 የሚል ጎማም «26» ይባላል፣ የሱ ቁጥር ግን 590 ስለሆነ 559 ቸርኬ ላይ አይቀመጥም። ጎኑን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፣ ክርክር የለም።

መለጠፊያውን ገዝቶ አጠቃቀሙን አለማወቅ

መለጠፊያ ርካሽ ነው፤ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ያተርፋችኋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው ይለጥፋል፣ ከዚያ «አይሠራም» ይላል። የተበሳውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እሹት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጋችሁ ቀቡ። አሁን ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል፣ እርጥበቱ ጠፍቶ አንጸባራቂነቱ እስኪደበዝዝ። ከዚያ ለጥፉና በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ተጫኑ። ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፤ እሾሁ ወይም ሽቦው እዚያው ካለ እንደገና ይበሳችኋል። አንዴ የተከፈተ የማስቲሽ ቱቦ ደግሞ ክዳኑ ቢዘጋም ውስጡ ይደርቃል፣ በየጥቂት ወሩ ጨመቅ አድርጋችሁ እዩት። ጎማ ማውለቂያ ሁለት ፕላስቲክ ማንሻ ይበቃል። በካቻቢቴ አታውጡ፣ ከመነዳሪውን ሌላ ቦታ ትበሱታላችሁ።

ሃያ ዓይነት መፍቻ ያለው መሣሪያ

ብዛቱ አያታልላችሁ። ብስክሌታችሁን ዞር ዞር እያላችሁ ቡሎኖቹን እዩ። አብዛኛውን የሚፈቱት ባለ ስድስት ጎን 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር መፍቻዎች ናቸው፣ ከነሱ ጋር አንድ ካቻቢቴ። ቸርኬዎቻችሁ በእጅ በሚከፈት ማንሻ የታሰሩ ከሆነ ለማውለቅ ሌላ ምንም አያስፈልግም። በዳዶ የታሰሩ ከሆነ ግን ያ ሃያ ዓይነት መሣሪያ ምንም አይረዳችሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ 15 ቁጥር መፍቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ሳያውቁ ከመነዳሪም ፓምፕም ይዘው ጎማውን ማውለቅ አቅቷቸው የቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ያገለገለ ሄልሜት

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቆጥቡ። የሄልሜት ሥራ የሚሠራው ውስጡ ያለው ፎም ነው፣ እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ሲመታ ተጨፍልቆ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። የማታውቁት ሰው ያደረገው ሄልሜት ወድቆበት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? አዲስ ግዙ፣ ውድ መሆን ግን የለበትም። ውስጡ ላይ የአውሮፓውን ኢኤን 1078 (EN 1078) ወይም የአሜሪካውን ሲፒኤስሲ (CPSC) የደህንነት መመዘኛ ምልክት ፈልጉ። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ርካሹም ውዱም ያለፉት ዝቅተኛ መመዘኛ አንድ ነው፤ ውዱ ላይ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ለቅለቱ፣ ለአየር ማስገቢያው እና ለመልኩ ነው። ጭንቅላታችሁ ላይ ስታደርጉት ከቅንድባችሁ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቅር፣ ማሰሪያው ሳይታሰር ራስ ስትነቀንቁ አይዋኝ። ወደ ኋላ የተንሸራተተ ሄልሜት ግንባራችሁን ባዶ ይተዋል።

መብራትን በሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር ብቻ መምረጥ

ለመታየት የሚሆን መብራት እና ለማየት የሚሆን መብራት የተለያዩ ናቸው። መንገዱ ራሱ ብርሃን ካለው ትንሽ የፊት መብራት ይበቃችኋል። ጨለማ መንገድ ላይ ጉድጓድ ለማየት ግን 300 ሉመን ገደማ እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ሻጩ ትልቁን ቁጥር ነው የሚጽፈው፣ በዚያ ድምቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን በትንሽ ፊደል ነው፤ እሱን አንብቡ። ገንዘቡ ለሁለት ደህና መብራት ካልበቃ እና መንገዳችሁ ብርሃን ያለው ከሆነ ርካሽ የፊት መብራት ወስዳችሁ ደህናውን ለኋላ ቀዩ አድርጉት፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እናንተ አታዩትም፣ እሱ ሊያያችሁ ይገባል። የፊቱን ወደ መሬት ዘንበል አድርጉት፣ የሰው ዓይን ውስጥ አትልቀቁት።

ቀጭን ገመድ ቁልፍ

ቀጭን የሽቦ ገመድ በእጅ መቁረጫ ሰከንዶች ነው የሚፈጅበት። አቅማችሁ ከፈቀደ የዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ ግዙ፤ ከሌላው ዕቃ ቀንሳችሁም ቢሆን። አስተሳሰሩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የፊት ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ሲመለስ ጎማ ብቻ ነው የሚያገኘው። ቁልፉ ፍሬሙን እና የኋላ ቸርኬውን አንድ ላይ ይዞ፣ ተነቅሎ ከማይሄድ ብረት ጋር ይታሰር።

ለመቀመጫ ከፍታ ችግር ለስላሳ ሽፋን መግዛት

መቀመጫው ሲያማችሁ መጀመሪያ የምታስቡት ለስላሳ ሽፋን ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ከፍታውን እንድታዩ እለምናችኋለሁ፣ እሱ በነፃ ነው። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ባለው ፔዳል ላይ አድርጉ፣ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በጣም ለስላሳ ሽፋን ደግሞ አጥንታችሁ ሰምጦበት መሃሉን ስለሚገፋው ረጅም መንገድ ላይ ይብስ ያማል።

ካቴናው ላይም ሰው የማይሆን ነገር ይቀባል። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የካቴና ዘይት አይደለም፣ የወጥ ቤት ዘይት ደግሞ እየዋለ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። ትንሽ ጠርሙስ የካቴና ዘይት ግዙ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን አሽከርክሩና ላዩን በጨርቅ በደንብ ጥረጉት። ማለቁን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያሻም፣ ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ካቴና ላይ 24 ዓይን፣ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል፣ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ተኩል ከደረሰ ቀይሩት፣ አለበለዚያ ጥርሶቹንም ይበላና ወጪው ይበዛል።

ያገለገለ ብትገዙ የማልቃወመው የዕቃ መጫኛ፣ ፓራፋንጎ እና የውሃ ጠርሙስ ማሰሪያ ነው። ስንጥቅ ከሌላቸው አዲስ ከሆነው እኩል ይሠራሉ። ለመጫኛው ግን ከመክፈላችሁ በፊት የብስክሌታችሁን የኋላ ክፍል ተመልከቱ፣ ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ አሉ ወይ? የሚሸከመው ኪሎ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ታትሟል፣ 25 የሚል ከሆነ 25 ነው።