የተሰበረ መርፌ አትደብቁ፦ በቡድን ሥራ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የልብስ ስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ አዲስ የሚቀጠሩትን የማለማምደውም እኔ ነኝ። ልጆቹ ከደሴ፣ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከአልብኮ ይመጣሉ። አብዛኞቹ የፋብሪካ ማሽን ነክተው አያውቁም፤ ቢሆንም ጥቂት ሳምንት ሲሠሩ እጃቸው ይፈታል። እጅ ማፍታታቱ አያሳስበኝም። የሚከብደው ብቻውን ጥሩ የሚሰፋን ሰው ከሌሎች ሠላሳ ሰዎች ጋር እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሰሞኑን አንዱን የቆየ ስህተት እንደገና ስላየሁ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት። ምሳሌዎቼ ከስፌት ቤት ቢሆኑም በሆስፒታል፣ በባንክ ወይም በግንባታ ቦታ የምትሠሩም ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ጥፋትን መደበቅ

መርፌ ይሰበራል። ጨርቁ ሲወፍር፣ ክሩ ሲጠብቅ፣ ሰፊዋ ጨርቁን ስትስበው ይሰበራል፤ ጎበዝ ሰፊም ይሰበርባታል። ሲሰበር የሚደረገው የታወቀ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ሱፐርቫይዘር ይጠራል፣ ስባሪዎቹ ተለቅመው መርፌው ሙሉ መሆኑ ይታያል፣ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ፣ ከዚያ በአሮጌው ልዋጭ አዲስ መርፌ ይሰጣል። አንድ ስባሪ ከጎደለ ማሽኑ አካባቢ ያለው ልብስ ሁሉ ይነሳል፤ በማግኔት ይፈለጋል፣ በብረት መፈተሻ ያልፋል። በጊዜ ከተነገረ ይኼ ሁሉ አጭር ሥራ ነው።

አንድ ቀን የሕፃናት ሸሚዝ እየሰፋን ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ መርፌ ተሰበረባት። ጫፉ ጠፋ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከጎኗ ካለችው ጓደኛዋ መርፌ ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች። ማታ የመርፌ መዝገብ ሲቆጠር አንድ ጎደለ። በዚያን ሰዓት የዕለቱ ሸሚዝ ከፊሉ ተተኩሷል፣ ከፊሉ ታጥፎ ካርቶን ገብቷል። ካርቶኑን ሁሉ ከፈትን። ሰርቪሱ ሄደ፣ ቤት ሕፃን ትተው የመጡ እናቶች ቆመው ሸሚዝ በሸሚዝ ፈተሹ። ስባሪው የተገኘው አንድ ኮሌታ ውስጥ ተሰፍቶ ነው። ያ ኮሌታ የሚያርፈው የአንድ ሕፃን አንገት ላይ ነበር።

ልጅቷን ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት፣ «ከደመወዝሽ ይቆረጣል ብለውኛል» አለችኝ። እንዲህ ያላት ከኔ በፊት የነበረ አለቃ ነው።

አለቆች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። መርፌ ለተሰበረባት ሰው ቅጣት የምትጽፉ፣ ሰው ፊት የምታሳጡ፣ «አንቺ ሁልጊዜ» እያላችሁ የምትጀምሩ ሁሉ ቀጣዩን መርፌ እያስደበቃችሁ ነው። የምትቀጡት መርፌ መስበርን ይመስላችኋል፤ ሠራተኛው ግን የሚማረው መናገር እንደሚያስቀጣ ነው። በዚያ ላይ በዘፈቀደ ደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ እንደ ኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያለ ሕጉ የሚያውቀው ምክንያት ከሌለ በቀር ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል። እኔ ለመርፌ ስብራት ማንንም አልቀጣም፤ ተሰብሮ ያልተነገረኝ እንደሆነ ግን ጠበቅ አድርጌ እጠይቃለሁ። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው በመጀመሪያው ቀን፣ ማሽኑ ላይ ሳይቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን መርፌ ሰብሮ እጁን ያነሳውን ልጅ ሁሉም እየሰማ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ይናገራሉ።

መርፌዋን ያበደረችው ጓደኛም ነገር አለባት። ሁሉን እያወቀች እስከ ማታ ዝም አለች፤ በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ። ወሎ ውስጥ ጎረቤትን አሳልፎ መስጠት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም በዚያው ነው ያደግኩት። ግን ዝም ማለቷ ጓደኛዋን አላዳናትም፤ ሠላሳ ሰው አስመሸ፣ ጓደኛዋም በማግስቱ የሁሉን ዓይን ፈርታ ቀረች። እንዲህ ሲገጥማችሁ ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብላችሁ፣ «እህትዓለም፣ ነይ አብረን እንንገር» በሏት። አብራችሁ እጅ አንሱ። ያኔ አሳልፋችሁ አልሰጣችኋትም፤ ከጎኗ ቆማችኋል።

ይህን የማስረዝመው ዛሬ ገዥ ማጣት ቀላል ስላልሆነ ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው የልብስ ገበያ ተዘግቶብናል። ያው በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የፋብሪካዎቻችን ማሽን ሲዘረፍና ሲሰበር አይተናል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የቀረ ትእዛዝ በአንድ ስባሪ መርፌ ሲመለስ ማየት አልፈልግም።

«የኔን ጨርሻለሁ»

ፈጣን ሰፊዎች የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ፈጣን ስለሆኑም የሚነግራቸው የለም። ሂሳቡን እንየው። የስምንት ሰዓት ሥራ 28,800 ሴኮንድ ነው። የጎን ስፌት የምትሰፋዋ አንዱን ሸሚዝ በ48 ሴኮንድ ብትጨርስ በቀን 600 ትሰፋለች። ከእሷ ቀጥሎ እጅጌ ጫፍ የሚገጥመው ልጅ 72 ሴኮንድ ቢፈጅበት 400 ነው የሚያወጣው። መስመሩ ስንት ሸሚዝ አወጣ? 400። የተረፈው 200 በሁለቱ ማሽን መካከል ተቆልሎ ያድራል። በማግስቱ የጥራት ተቆጣጣሪዋ የጎን ስፌቱ ዘሟል ካለች፣ 200ውም ይተረተራል። እነዚያ 200 ሸሚዞች ለማንም አልጠቀሙም፤ ቦታ ያዙ፣ ሳይጠቆም የቆየ ጥፋትም ሸሸጉ።

ክምር ሲያድግ ካያችሁ ቀና በሉ። ሁለት ሥራ የሚችል ሰው ካለ ተነስቶ ክምሩ ያለበት ጋ ይቀመጥ። ይህን ስላቸው «የሱ ሥራ እኮ ነው» የሚሉኝ አሉ። እነዚሁ ሰዎች በሰፈራቸው ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ አላቸው። በቅሬ ሰው ሲሞት መቃብር ቆፋሪው ድካም ሲይዘው ሌላው ዶማውን ይቀበለዋል እንጂ «የኔ ድርሻ ንፍሮ መቀቀል ነው» ብሎ የሚቀመጥ የለም። ማንም ሳያዝ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሄዳል። ያንን ልማድ የፋብሪካው በር ላይ ጥለውት የሚገቡበት ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ ኖሯል። አሁን እንደሚገባኝ ምክንያቱ አለቃው ነው፤ እያንዳንዱን ለብቻው በቁጥር ሲለካው ሰዉም ለብቻው ይሠራል። ለዚህ ነው የመስመሩን የመጨረሻ ቁጥር በትልቁ ሰሌዳ ላይ የማስጽፈው። የየሰዉ ቁጥር እኔ ደብተር ላይ አለ፤ ለማለማመጃ ነው የምጠቀምበት።

«አብሽሩ፣ ይደርሳል»

አይደርስም። የቆረጣ ክፍሉ ኃላፊ ጠዋት «ጨርቁ እስከ ስድስት ሰዓት ይደርሳል» ሲለኝ ሠላሳ ሰው በዚያ ተስፋ አሰናዳለሁ። በሰባት ሰዓት ተኩል «ማሽኑ ተበላሽቶ እኮ ነው» ይለኛል፤ የተበላሸው በሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ቢነግረኝ ሌላ ስታይል አስጀምር ነበር። ሰውን ላለማስከፋት የሚነገር አዎንታ ዘግይቶ የሚያስከፋ ነው። የማትችሉትን አልችልም በሉ፤ ካልደፈራችሁ ቢያንስ «ካልሆነ እስከዚህ ሰዓት እነግርሃለሁ» በሉና ንገሩ።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በየመስመሩ ቆመን እንነጋገራለን። አለቃው የዕለቱን ሥራ ያወራና «ገባችሁ?» ይላል። ሁሉም «አዎ» ይላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ኪሱን በግራ፣ ሌላው በቀኝ ሲሰፋ ይገኛል። «ገባችሁ?» ለሚለው ጥያቄ አልገባኝም ብሎ የሚመልስ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ሰው ፊት አላዋቂ መሆን ይከብዳል። በዚህ ፋንታ ናሙናውን አንዱ እጅ ላይ አስቀምጡና «እስኪ ኪሱን የት እንደምትሰፋው አሳየኝ» በሉ። ሲያሳይ ሌሎቹም ያያሉ፤ ያልገባው ሰው ሳያፍር ይማራል። ሠራተኞችም አለቃችሁ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ ድገሙለት፦ «ስለዚህ ኪሱ በግራ፣ ከላይኛው ቁልፍ ትይዩ፤ አይደል?»

ዝም ብሎ መተካት

ፈረቃ ባለበት ፋብሪካ፣ ክር ማምረቻም ሽመናም ቢሆን፣ ርክክብ ማሽኑ ጋ ቆሞ ነው መደረግ ያለበት። ግን የሚወጣው ሠራተኛ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ይሮጣል፣ የሚገባው ልብስ እየቀየረ ነው፤ በመካከላቸው ማሽኑ ብቻውን ይቀራል። የማውቀው አንድ ሜካኒክ በማታ ፈረቃ የክር መወጠሪያውን ለወፍራም ክር አስተካክሎ ሄደ። የጠዋቱ ሠራተኛ ቀጭን ክር አስገባና ለግማሽ ቀን ክር ሲቆረጥበት ዋለ፤ ጥፋቱን ከክሩ እየፈለገ ክር አስለወጠ። ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ ምን ነካሁ፣ ምን አልጨረስኩም። በቃል ንገሩ፣ ማሽኑ ላይም ጽፋችሁ ለጥፉ።

ስለ ጾምና ስለ ጸሎት አለመነጋገር

በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ። መስመሩ በሙሉ ጾመኛ ሆነ። አንዳንድ መስመሮች ይህን እያወቁ ምንም ሳይነጋገሩ ጀመሩት፤ ከቀትር በኋላ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲጨመርበት ሥራው ይወድቃል፣ ሰውም ይነጫነጫል። እኛ ከባዱን ሥራ፣ ኮሌታና እጅጌውን፣ ወደ ጠዋት አመጣነው፤ ቀላሉ ለከሰዓት ቀረ። ማን ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጾም፣ ማን ሌሊት ለሱሑር ተነስቶ እንደሚመጣ ተጠያየቅን። ዓርብም እንዲሁ ነው። ለጁምዓ የሚወጡትን ሰዎች ማሽን ማን እንደሚሸፍን ሐሙስ ማታ እንነጋገራለን፤ ለጥምቀትና ለገና ሙስሊሞቹ በተራቸው ይሸፍናሉ። ሳይነገር የሚሸፈን ነገር አንድ ቀን መቅረቱ አይቀርም፤ ቀርቶ ሲገኝ ደግሞ የሃይማኖት ቅሬታ መስሎ ይታያል። ወሎ ውስጥ ያንን እንዲሆን ማንም አይፈልግም።

በምሳ ሰዓት የአንድ ቀበሌ ልጆች ብቻ አንድ ጠረጴዛ ሲከቡም አልወድም። መከልከል አይቻልም፤ አዲሷን ልጅ እናንተ ጥሩዋት።

ሳይነግሩ መቅረት

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሰርቪሱ ቢዘገይ፣ ልጅ ቢታመም፣ ደውሉ፤ ሰው ጠዋት በአንድ ሰዓት ካወቀ ማሽኑን ይሸፍናል፣ በሦስት ሰዓት ካወቀ ግን ክምሩ ተቆልሏል።

ለባለጉዳዩ ሳይነግሩ ለአለቃ መንገር

በሥራ ባልደረባችሁ ላይ ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት። ካልሰማ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደኔ ኑ። አንዱ ብቻውን ሲመጣ ሌላውን ጠርቼ ነው የምሰማው።

ለአዲሶቹ ብቻ

በመጀመሪያው ሳምንት የምትሠሩት ስህተት አንድ ነው፤ አለመጠየቅ። ያስቸገራችሁ ይመስላችኋል። ጠይቃችሁ የሚባክነው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሳትጠይቁ የተሰፋው ግን ተተርትሮ ነው የሚስተካከለው፣ በዚያ ላይ የተተረተረ ጨርቅ የመርፌ ቀዳዳ ይቀርበታል። ስለዚህ የሦስት ሰው ስም በመጀመሪያው ቀን ያዙ፦ ሥራ የሚያቀብላችሁን፣ ከናንተ የሚቀበለውን፣ የመስመራችሁን ሜካኒክ። ከናንተ ለሚቀበለው ሰው በየሰዓቱ ቀና ብላችሁ «የኔ ስፌት ላንተ ይመቻል?» በሉት። ጠርዙ አጥሮበት ይሆናል፣ ረዝሞ የቀረ ክር እየቆረጠላችሁ ይሆናል። እሱ ሊነግራችሁ አፍሮ ነው የተቀመጠው፤ ከጠየቃችሁት ይናገራል።