በፖከር ማጭበርበርን የሚከላከል የካርታ አስተዳደል ሥርዓት

ፖከር ላይ ካርታ የሚያድለው ሰው፣ ከፈለገ፣ ጨዋታውን ቃል ሳይተነፍስ ሊያዛባው ይችላል። ከላይኛው ካርታ ሥር ያለውን ወይም የግርጌውን ካርታ መዞ ለሚፈልገው ሰው መስጠት የለመደ እጅ በዓይን ተከታትሎ መያዝ እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የሚሻለው አስተዳደሉን ለማንም በማይለወጥ ሥርዓት ማሰር ነው። ሥርዓቱ ሁሉንም እኩል ስለሚይዝ ማንንም መጠርጠር አያስፈልግም፤ ወዳጆች በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ይበልጥ ሊከበር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከጨዋታው በፊት ካርታዎቹ በሙሉ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጉ፤ 52 መሆናቸው፣ ከአራቱ የካርታ ምልክቶች ከእያንዳንዱ 13 መኖሩና ጆከር አለመቀላቀሉ ይረጋገጥ። ከዚያም ተገልብጠው ጀርባቸው ላይ ጭረት፣ የታጠፈ ጫፍ ወይም ነጠብጣብ ይፈለግ። የጀርባ ቀለማቸው የሚለያይ ሁለት እሽጎችን እያፈራረቁ መጠቀምም ይጠቅማል፤ በአንደኛው ዙር እጅጌ ውስጥ የተደበቀ ካርታ በሚቀጥለው ዙር ብቅ ቢል ቀለሙ ራሱ ያጋልጠዋል።

ሲበወዝ መጀመሪያ ካርታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው በሁለት መዳፍ ይታሹ፤ ቀጥሎ እሽጉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከጠረጴዛው ሳይነሣ፣ ጫፍና ጫፉ እየተጠላለፈ ይበወዝ። ከፍ ብሎ የተያዘ እሽግ የግርጌ ካርታዎችን ለአዳዩም ለጎረቤቱም ያሳያል። ዴቭ ቤየርና በወጣትነቱ በካርታ ትርኢት ይተዳደር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፐርሲ ዳያኮኒስ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 52 ካርታ በሚገባ እንዲደባለቅ በዚህ በማጠላለፍ መንገድ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። በእጅ ይዞ ከላይ ከላይ እየነጠሉ መበወዝን ግን ብቻውን ባልቀበለው እመርጣለሁ፤ ካርታዎችን በጅምላ ስለሚያዘዋውር፣ ተቀናብረው የገቡት ተቀናብረው ሊወጡ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው መቁረጥን፣ ማለትም የተበወዘውን እሽግ ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ ማምጣትን ነው። የሚቆርጠው ከአዳዩ ሌላ ሰው ይሁን። አንድ የፕላስቲክ መቁረጫ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ቆራጩ የእሽጉን የላይኛውን ክፍል በአንድ እጁ ብቻ አንሥቶ መቁረጫው ላይ ያሳርፋል፤ የቀረውን ደግሞ በላዩ ይደርባል። በሁለት እጅ የተያዘ እሽግ፣ በቅጽበት ወደ ቀድሞው አቀማመጡ ሊመለስ ይችላል፤ አንድ እጅ ጠረጴዛው ላይ ሲሠራ ግን ሁሉም ሰው ያየዋል። በሁለቱም ክፍል ቢያንስ 4 ካርታ ይኑር። መቁረጫው ከግርጌ ሆኖ ስለሚቀር የመጨረሻው ካርታ አይታይም፤ ከሥር መዝዞ ማደልም በቀላሉ ይታወቃል።

ሲታደል እሽጉ ዝቅና ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ካርታው ከአዳዩ ግራ ጀምሮ አንድ አንድ እየሆነ፣ ጠረጴዛውን ታክኮ ይሂድ። በቴክሳስ ሆልደም፣ ማለትም ሁሉም ተጫዋቾች የሚጠቀሙባቸው የጋራ ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ በሚገለጡበት የፖከር ዓይነት፣ መጀመሪያ ሦስቱ የጋራ ካርታዎች፣ ከዚያም አራተኛው፣ ከዚያም አምስተኛው ከመገለጣቸው በፊት በየጊዜው አንድ የላይኛ ካርታ ሳይታይ ይነሣል፤ ይህ ማቃጠል ይባላል። ተጫዋቾች ሲወራረዱ የላይኛው ካርታ ጀርባ ለሁሉም ዓይን ተጋልጦ ይቆያል፤ ጫፉን ቀድሞ በጥፍሩ የጫረ ሰው ምን ሊመጣ እንደሆነ ያውቃል። ካርታው ሲቃጠል ግን ያወቀው ካርታ ከጨዋታው ይወጣበታል። የተቃጠሉት ሦስቱ ተደፍተው፣ ከተጣሉት ካርታዎች ተለይተው ይቀመጡ።

የተጫዋቾች ካርታ ከጠረጴዛው በታች አይውረድ። በመጨረሻም አሸናፊው ካርታዎቹን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ያኑር፤ የተከማቸው ውርርድ እስኪሰጠው ድረስም ከተጣሉት ጋር አይደባለቁ፤ ከተደባለቁ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ አይኖርም። አዳዩ ተራውን ሲያስረክብ እሽጉን አስቀምጦ መዳፎቹን ይከፍታል፤ ፊትና ጀርባቸውንም ያሳያል፤ ተረካቢውም ካርታዎቹ 52 መሆናቸውን ቆጥሮ ይቀበላል።