ከብዙ ወንድምና እህት መካከል ያደገ ሰው ራሱን እንዴት ያዳምጥ?

ከዘጠኝ ልጆች ሁለተኛዋ ነኝ። በ10 ዓመቴ የቤት ሥራዬን የምሠራው ታናሽ ወንድሜን አዝዬ፣ ቆሜ ነበር፤ ከተቀመጥኩ ይነቃብኛል። ዛሬም ሌሊት ሰው ሲያስል ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ።

እንደ እኔ ካደጋችሁ ወረቀት ያዙና በልጅነታችሁ ማንን ትንከባከቡ እንደነበር ጻፉ፦ ማጠቡን፣ ማስተኛቱን፣ የተጣሉትን ማስታረቁን። ከጎኑ ደግሞ እናንተ ስታለቅሱ ማን ይመጣ እንደነበር አስፍሩ። የእኔ ወረቀት በዚያ በኩል ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ወላጆቼን አልወቅስም፤ እጃቸው አልበቃም።

ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ «እኔ ምን እፈልጋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ይዘገያል፤ እኔ ወራት ፈጅቶብኛል።

የወንድምና የእህት ፍቅር ግን አደራ! በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 229 ወንዶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ የሃርቫርድ ጥናት ከ20 ዓመታቸው በፊት ከወንድም እህቶቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት የሻከረ ሰዎች እስከ 50 ዓመታቸው ለከባድ ድብርት ይበልጥ መጋለጣቸውን አሳይቷል። ቅሬታ ካላችሁ ለአንዱ ብቻ ደውሉ፤ ሁሉም በተሰበሰበበት ማንም ማንንም አይሰማም።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍ ከነሣችሁ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።