ደረጃ የተሰጠውን ሳንቲም መልሰው ሲልኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ሳንቲም እጅዎ ላይ አለ። የደረጃ ሰጪው ኩባንያ ወረቀት ከ70 64 ይላል። ዓይንዎ ደግሞ 65 ይላል። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ ነው። "ቆይ፣ ለምን መልሼ አልልከውም?" ይላሉ።

ይህን ያላለ ሰብሳቢ ያለ አይመስለኝም። መላኩም ነውር አይደለም። አንዳንዱ ሳንቲም በእርግጥም ከሚገባው በታች ተሰጥቶታል። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን የምንልከው ሳንቲሙ ስለሚገባው ሳይሆን እኛ ስለተመኘን መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ግማሹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ቁጥሩን እንደ ሚዛን ውጤት ማየት

ከ1 እስከ 70 የሚሄደውን መለኪያ ያወጣው ዊልያም ሼልደን ነው፤ በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያሰበው ለጥንቶቹ የአሜሪካ ትላልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። ቁጥሩም ከዋጋ ጋር የተያያዘ ነበር፤ 70 የተባለው ሳንቲም 1 ከተባለው 70 እጥፍ ያወጣል በሚል ስሌት። ገበያው ስሌቱን አፈረሰው፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ትልልቆቹ ደረጃ ሰጪ ኩባንያዎች፣ ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ ደግሞ በ1987 ሲቋቋሙ በዚሁ ቁጥር እየመዘኑ በጠንካራ ፕላስቲክ ማሸግ ጀመሩ። ሰብሳቢዎች ስላብ የሚሉት ይህንን እሽግ ነው።

ዛሬ ከ60 እስከ 70 ያሉት ቁጥሮች ከእጅ ወደ እጅ ሳይዞሩ ለቀሩ ሳንቲሞች የተያዙ ናቸው። በ64 እና በ65 መካከል መስመር የሚያሰምር መሣሪያ የለም። ባለሙያዎች በዓይናቸው አይተው ይፈርዳሉ። አንዱን ሳንቲም የሚያዩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለሰከንዶች ነው። ስለዚህ ድንበር ላይ ያለ ሳንቲም ዛሬ 64፣ ነገ 65 ሊባል ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው እስኪሳካ እሞክራለሁ" ይላል። ግን ነገ 65 የተባለው ከነገ ወዲያ 63 ሊባልም ይችላል። ዳኛ ሲሳሳት ለእርስዎ ብቻ አያደላም።

"የመጀመሪያው ሞካሪ እኔ ነኝ" ማለት

ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው።

አንድ ሳንቲም በ64 ስላብ ውስጥ ሆኖ ለሽያጭ ሲቀርብልዎ፣ ከእርስዎ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ያስቡ። ነጋዴው አይቶታል። ነጋዴው የገዛበት ሌላ ነጋዴም አይቶታል። ከእነዚህ መካከል ሥራቸው ይኸው የሆነ አሉ፤ ከሚገባቸው በታች የተሰጣቸውን ሳንቲሞች እየለቀሙ፣ ስላቡን እየሰበሩ፣ መልሰው እየላኩ በልዩነቱ የሚኖሩ። ዓይናቸው በሺህ በሚቆጠሩ ሳንቲሞች የተሳለ ነው። ያ ሳንቲም በእርግጥ 65 ቢሆን ኖሮ እነሱ ዘንድ በ64 አያልፍም ነበር። ተሞክሮ ሳይሳካ ቀርቶ ይሆናል የተሸጠልዎ።

ይህ ነገር ሌላ ጣጣም አለው። ኩባንያዎቹ በየዓመተ ምሕረቱና በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንዳሸጉ የሚያሳይ የቆጠራ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። አንድ ሰው ስላቡን ሰብሮ ያንኑ ሳንቲም አራት ጊዜ ቢልክና የድሮ ወረቀቶቹን ቢጥላቸው፣ ሰንጠረዡ ላይ አንዱ ሳንቲም አራት ሆኖ ይቆጠራል። "በ64 ይህን ያህል ብዙ አለ፣ በ65 ግን ጥቂት ነው" ብለው ከመጎምጀትዎ በፊት፣ ከ64ቶቹ ስንቱ ያው አንድ ሳንቲም ተመላልሶ የመጣ እንደሆነ ይጠይቁ። እርስዎም ከሰበሩ ወረቀቱን አይጣሉት። ለኩባንያው ሲመለስ ከቆጠራው ይሰረዛል።

ሂሳብ ሳይሠሩ መላክ

ብዙ ሰው የሚያሰላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 65 ቢባልስ? 64 ቢባልስ፣ 63 ቢባልስ የሚለውን ይዘለዋል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ ሳንቲም በ63 ደረጃ 200 ዶላር፣ በ64 ደረጃ 300፣ በ65 ደረጃ 700 ዶላር ያወጣል እንበል። የደረጃ ክፍያው፣ የደርሶ መልስ ፖስታውና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ለአንዱ 80 ዶላር ይሁን። እንዲህ ያሉ 10 ሳንቲሞች ከስላብ አውጥተው ላኩ። ሁለቱ ወደ 65 ወጡ፣ ስድስቱ ባሉበት ቀሩ፣ ሁለቱ ወደ 63 ወረዱ። ከወጡት 800 ዶላር አተረፉ። ከወረዱት 200 ዶላር ከሰሩ። ክፍያው 800 ዶላር ነው። ሁለት ሳንቲም ተሳክቶልዎት 200 ዶላር ከኪስዎ ወጣ ማለት ነው። ደግሞ የሁለቱን ደስታ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ፣ የክፍያውን ነገር ማንም አይጠይቅዎትም።

አሁን ከአሥሩ ሦስቱ ወጡ፣ አንዱ ብቻ ወረደ እንበል። 300 ዶላር አተረፉ። ማለትም ለአንዱ ሳንቲም 30 ዶላር። ለዚያ ሁሉ ጥበቃና ጭንቀት!

በዚህ ላይ አንዳንድ አገልግሎት ደረጃው ከፍ ሲል ከአዲሱ ዋጋ ላይ መቶኛ ይጨምራል። ሌላም አለ። እንደምንም ተንጠልጥሎ 65 የገባ ሳንቲም የ65ን ሙሉ ዋጋ አያገኝም። ነቃ ያለ ገዢ ወረቀቱን ሳይሆን ሳንቲሙን ነው የሚያየው።

የትኛው ሳንቲም እንደሆነም ይለያል። በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመታውን ሞርጋን ዶላር፣ የድሮውን የአሜሪካ የብር ሳንቲም፣ ይውሰዱ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል፣ ምቱም የጠራ ነው፤ በ65 ደረጃ እንደልብ ይገኛል። ከ64 ወደ 65 ቢወጣልዎ እንኳ ትርፉ ክፍያውን ለመሸፈን ይንገዳገዳል። በዚያው ከተማ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1884 የተመታው ደግሞ ተቃራኒው ነው። የተገለገሉበት በቀላሉ ይገኛል፤ ያልተገለገሉበት ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ በ58 እና በ60ዎቹ መካከል ዋጋው ሰማይ ይነካል። "እንግዲያው እዚያ ልሞክር" ካሉ፣ ባለሙያዎቹም ያንን ዝላይ ከእርስዎ በላይ ያውቁታል። ትንሽ መፋቅ ፍለጋ የሚያፈጡት እዚያው ላይ ነው።

ቸኩሎ ስላቡን መስበር

የመላኪያው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሳንቲሙን እንደታሸገ ለዚያው ኩባንያ "እንደገና እዩልኝ" ብሎ መላክ ይቻላል። ደረጃው ካልጨመረ ከነስላቡ ይመለሳል። ወደ ሌላ ኩባንያ ማሻገርም ይቻላል። ያኔ "ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ አትንኩት" የሚል ዝቅተኛ ደረጃ ያስጽፋሉ። በሁለቱም መንገድ የሚከስሩት ገንዘብና ጊዜ ነው። ሳንቲሙ ባለበት አለ።

ሦስተኛው መንገድ ሰብሮ ራቁቱን መላክ ነው። የሚወዱት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ባለሙያው የቀድሞውን ቁጥር ስለማያይ አእምሮው አይታሰርም ይላሉ። እውነት አለው። ግን ስላቡ ሲሰበር የኩባንያው ዋስትናም አብሮ ይሰበራል። ሳንቲሙ ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያም የባሰ አለ፦ "ታጥቧል" ወይም "ገጹ ተነካክቷል" ተብሎ ጭራሽ ቁጥር የሌለው ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትናንት 64 የነበረ ሳንቲም ዛሬ ቁጥር አልባ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲሰብሩት የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ፕላስቲኩ ሲፈነጠር ስለታም ነው። ወርቅ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው። አንዲት ጭረት ፊቱ ላይ ካረፈች 65ን እርሱት።

በተሳሳተ ብርሃን ማየት

በመስኮት ብርሃን ወይም ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ረጅም አምፖል ሥር ሁሉም ሳንቲም ያምራል። ክፍሉን ያጨልሙ። አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ይተዉ። ሳንቲሙን ከሥሩ ቀስ ብለው ያዘንብሉትና ያዙሩት። ያኔ ፀጉር የመሰሉት ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ሞርጋን ዶላር ከሆነ መጀመሪያ ፊቱ ላይ የተቀረጸችውን ሴት ጉንጭ ይዩ። ሰፊና ገላጣ ስለሆነ ጠባሳ አይደብቅም። ጀርባው የቱንም ያህል ቢያምር ጉንጯ ከተጎዳ ደረጃውን ይዞት ይወርዳል።

የስላቡን ጭረት ከሳንቲሙ ጭረት መለየትም ያስፈልጋል። ሲያዘነብሉት ጭረቱ ከሳንቲሙ ጋር አብሮ ካልሄደ ፕላስቲኩ ላይ ነው።

ደግሞ ብቻውን አይዩት። ዓመተ ምሕረቱና የተመታበት ቦታ አንድ የሆነ፣ በእርግጥ 65 የተሰጣቸውን ሳንቲሞች ከጎኑ አድርገው ይዩ። አንድ ሳይሆን አምስት፣ ስድስት። ከዚያ የእርስዎን መሳቢያ ውስጥ ከተው ለአንድ ወር ይርሱት። በወሩ አውጥተው አሁንም 65 ካሉ ያኔ እንነጋገር። ከ2010 ጀምሮ ሁለቱም ትልልቅ ኩባንያዎች ወደሚቀጥለው ቁጥር ለተጠጋ ሳንቲም የፕላስ ደረጃ እንደሚሰጡም አይዘንጉ። ብዙ ጊዜ "65 ነው" የምንለው 64 ፕላስ ሆኖ ይገኛል።

አጥቦ መላክ

አይጠቡ። በቃ።

ምክንያቱን ለሚፈልግ፦ የሳንቲም ወዝ ከላይ የተቀባ ነገር አይደለም። ሲመታ ብረቱ ወደ ጠርዝ ሲፈስ የተዋቸው እጅግ ጥቃቅን መስመሮች ናቸው ብርሃኑን እየመለሱ የሚያሽከረክሩት። አሲድ ያለው ማጽጃ ጥቁረቱን ሲያነሳ ከእነዚህ መስመሮችም ይወስዳል። ሳንቲሙ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ግን ሞቷል። ባለሙያው ገና ሲያዘነብለው ያውቀዋል። የሄደ ወዝ ደግሞ አይመለስም።

ፒቪሲ ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የመጣ አረንጓዴ ማጣበቂያ መሳይ ነገር ካለበት ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ ካልተነሳ ብረቱን ይበላዋል። ግን ለዚህም ትልልቆቹ ኩባንያዎች የእንክብካቤ አገልግሎት አላቸው። ለእነሱ ይተዉላቸው። በነገራችን ላይ፣ ከስላብ የወጣ ሳንቲም የሚላክበት ኪስ ራሱ ፒቪሲ የሌለበት መሆን አለበት። ሳንቲሙንም በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይያዙ።

የስላቡን ዋጋ መርሳት

አንዳንዴ ፕላስቲኩ ራሱ ገንዘብ ነው። የፒሲጂኤስ የመጀመሪያዎቹ ስላቦች፣ ሲነቀነቁ ስለሚንኳኩ ቅጽል ስም የወጣላቸው፣ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። የሲኤሲ ተለጣፊ ያለባቸውም እንዲሁ። ሲኤሲ በ2007 በጆን አልባኒዝ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የታሸጉ ሳንቲሞችን ያይና፣ ለተሰጠው ደረጃ ጠንካራ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ የሚገባው ከሆነ የወርቅ ቀለም ያለው ተለጣፊ ስላቡ ላይ ይለጥፋል። የወርቁን የያዘ ሰው "ይኸው፣ ከ64 በላይ ነው ተብሏል" ብሎ ሊሰብር ይሮጣል። ምን ችኮላ አለ? ገበያው ተለጣፊውን አይቶ ጭማሪውን አስቀድሞ ይከፍላል። ሰብረውት 65 ቢያገኙ እንኳ ተለጣፊው ቀርቷል፤ አዲሱ 65 አረንጓዴ ማግኘቱም ገና አልታወቀም።

መዳብን ማቆየት

ቀይ የተባለ መዳብ እያደር ቡናማ ይሆናል እንጂ ቡናማው ቀይ አይሆንም። ስለዚህ የመዳብ ሳንቲም ለዓመታት አስቀምጠው ሲልኩ በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በቀለሙም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

እልህ

ያ የ1881ዱ ሞርጋን ዶላር ምሳሌ ዝም ብሎ አልመጣልኝም። አንድ አለኝ። 64 ነበር። ሰበርኩት፤ 63 ሆኖ መጣ። ተናደድኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ፣ መልሼ ሰበርኩት። አሁንም 63። በሦስተኛው 64 አሉኝ። ሦስት ጊዜ ክፍያ፣ ሦስት ጊዜ ፖስታ፣ ሦስት ጊዜ ኢንሹራንስ ከፍዬ ከተነሳሁበት ቁጥር ላይ ደረስኩ። ክፍያው ሲደመር ከሳንቲሙ ዋጋ በልጧል።

ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ። አንዱ፣ ለዚህ ሳንቲም በጠቅላላው ስንት እንደማወጣ። ሌላው፣ ምኑን አይቼ 65 እንዳልኩት፤ "ያምራል" ማለት አይቆጠርም። ሁለተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ሳንቲሙ አይሄድም።

ሞርጋኑን አሁንም አልፎ አልፎ መብራት ሥር አወጣዋለሁ። ከጉንጯ ሥር አንዲት ጠባሳ አለች። ሦስቱንም ጊዜ ስልከው እዚያው ነበረች።