በስጋት ደረጃ የተመደበ አገር መንገደኛ፦ የወረርሽኝ ጊዜ የመግቢያ ደንብን ከአዲስ አበባ ሆኖ ማሟላት

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ አዋጅ ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አገሮች መንገደኛን በመጣበት አገር የስጋት ደረጃ እየለዩ የማስገባት አሠራር ግን አብሮ አልቀረም። መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ከነባሩ አዋጅ በላይ ሌላ የማንቂያ ደረጃ ጨምሯል። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ አገሮችን ከከፍተኛ እስከ ዝቅተኛ ስጋት የሚለዩት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ዝርዝሮች በቀናት ውስጥ ሊመለሱ ይችላሉ። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በአብዛኛው የሚሰናከለው ደንቡ ስላልገባው አይደለም። ሰዓት ሲቆጥር፣ ቀን ሲያዛውር፣ ስም ሲጻፍ ነው የሚሰናከለው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ደረጃው የሚሰጠው ለፓስፖርትዎ አይደለም

መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለፉት 10 ወይም 14 ቀናት የት እንደነበሩ ነው። ዜግነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብሪታንያ ኢትዮጵያን ከመጋቢት 10 ቀን 2013 እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በቀይ ዝርዝር አቆይታት ነበር። በዚያ ወቅት ብራስልስ የሚኖርና አዲስ አበባን ከረገጠ 10 ቀን ያለፈው ኢትዮጵያዊ በቀይ ዝርዝር ደንብ አይገዛም ነበር። ለሠርግ መጥቶ ሳምንት የቆየ የብሪታንያ ዜጋ ግን ይገዛ ነበር። ዜግነት ልዩነት የሚያመጣው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ከቀይ አገር መግባት የሚፈቀደው ለብሪታንያና ለአየርላንድ ዜጎች እንዲሁም የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነበር። ሌላው፣ ቪዛ በእጁ ቢኖርም፣ አይገባም ነበር።

ደንቡን ሲያነቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ወደኋላ የሚቆጠረው ስንት ቀን ነው? በዚያ ጊዜ ውስጥ የረገጥኳቸው አገሮች ሁሉ በየትኛው ደረጃ ናቸው? ከእነዚህ ከፍተኛው ደረጃ ካለበት አገር የመጣ እኔን የመሰለ ሰው ይገባል ወይ? ከገባስ ምን ይጠየቃል? ሁለት አገር ከረገጡ የሚሠራብዎት የከበደው ደረጃ ነው። አማካይ የሚባል ነገር የለም።

በደረጃዎቹ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት ቀላል አይደለም። በብሪታንያው አሠራር ከአረንጓዴ አገር የመጣ በ2ኛው ቀን አንድ ምርመራ አድርጎ ይገላገል ነበር። ከመካከለኛው ደረጃ የመጣና ክትባቱ ተቀባይነት ያላገኘለት 10 ቀን ቤቱ ተቀምጦ በ2ኛውና በ8ኛው ቀን ይመረመር ነበር። ከቀይ አገር የመጣ መንግሥት በመደበው ሆቴል 10 ሙሉ ቀን ይዘጋበት ነበር። ክፍያው ለአንድ አዋቂ 1,750 ፓውንድ ነበር፤ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ወደ 2,285 ፓውንድ አደገ። የደረሱበት ቀን ዜሮ ተብሎ ስለሚቆጠር 10 ቀን ማለት 11 አዳር ነው። የመመለሻ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ቀን ሲይዙ ይህችን አንድ ቀን አይርሷት። እንዲህ ያለው ክፍያ የሚፈጸመው ከመነሳትዎ በፊት በኢንተርኔት፣ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ አያገለግልም። ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልልዎት ከሆነ የክፍያ ማረጋገጫው በእርስዎ ስምና ፓስፖርት ቁጥር መውጣቱን አይተው ይቀበሉ።

ሦስተኛ አገር ቆይቶ መግባትና ትራንዚት

ሳዑዲ አረቢያ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና ከቬትናም የሚመጡትን ስታግድ፣ መስፈርቷ ባለፉት 14 ቀናት እነዚህ አገሮች ውስጥ መገኘት ነበር። እንዲህ ዓይነት ደንብ ሲወጣ ብዙ ሰው ያልታገደ ሌላ አገር 14 ቀን ቆይቶ መግባትን ያስባል። የሚያዋጣው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፦ ሦስተኛው አገር ራሱ ከኢትዮጵያ የሚመጣን የሚያስገባ መሆኑ፣ ቪዛዎ ከ14 ቀን የበለጠ የሚያቆይ መሆኑ፣ እዚያ በለይቶ ማቆያ ያሳለፉት ቀን በቆይታው ውስጥ የሚቆጠር መሆኑ። እኛ ይህን መንገድ አስቸኳይ ለሆነ ጉዞ ካልሆነ አንመክርም፤ በ14ቱ ቀን መሀል ሦስተኛው አገር ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቦሌ የብዙ አፍሪካውያን መተላለፊያ ስለሆነ ትራንዚትም ለብቻው መታየት አለበት። አንዳንዱ ደንብ ከአየር ማረፊያው ያልወጣን መንገደኛ አይቆጥርም፤ የብሪታንያው ግን ይቆጥር ነበር። ከሌላ ከተማ ተነስቶ በቦሌ አውሮፕላን የሚቀይር እንግዳ ካለዎት ወይም እርስዎ በሌላ አገር በኩል የሚያልፉ ከሆነ፣ «በኩል ማለፍ» የሚለው ሐረግ ደንቡ ውስጥ ምን ተብሎ እንደተብራራ ፈልገው ያንብቡ።

ትኬት ከመቁረጥ በፊት

ዝርዝር በምን ፍጥነት እንደሚቀየር ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ስሙን ያወጣው ኅዳር 17 ቀን 2014 ነው። በዚያው ቀን ብሪታንያ ስድስት የደቡብ አፍሪካ ቀጠና አገሮችን በቀይ ዝርዝር አስገባች፤ በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ እገዳ ተከተለ። ታኅሣሥ 6 የብሪታንያው ቀይ ዝርዝር እንዳለ ባዶ ተደረገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተዘግቶ የተከፈተ በር ማለት ነው። ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ ቀን መቀየር የማይፈቅድ ርካሽ ትኬት አይግዙ። መሀል ከተማ ካሉት የትኬት ቢሮዎች ሲገዙ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ ቀን ለመቀየር የሚከፈለው ስንት ነው? ከበረራው ስንት ሰዓት በፊት ካሳወቅሁ ነው የሚሠራው?

ደንቡን አንዴ አይቶ መተው አይቻልም። ትኬት ሲገዙ፣ ከበረራው ሳምንት ሲቀረው፣ ናሙና በሚሰጡበት ዕለት ጠዋት፣ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይመልከቱ። ለውጡ የሚጀምርበትን ሰዓትም ያስተውሉ። በኮቪድ ጊዜ የብሪታንያ ለውጦች በአብዛኛው ይጀምሩ የነበረው በዚያ አገር ሰዓት ከሌሊቱ 04:00 ሲሆን፣ የሚታየው የሚያርፉበት ሰዓት ነበር። አየር ላይ ሆነው ደረጃ ሊቀየርብዎት ይችላል።

72 ሰዓትን መቁጠር

ከ72 ሰዓት ያልበለጠ የምርመራ ውጤት በሚጠይቅ ደንብ ሰዓቱ መሮጥ የሚጀምረው ናሙናው ከተወሰደበት ደቂቃ ነው፤ ውጤቱ ከወጣበት አይደለም። የሚቆመው ደግሞ እንደ ደንቡ ነው። አንዱ አገር የመጀመሪያው በረራ መነሻ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላው የመጨረሻው መዳረሻ ላይ።

በምሳሌ እንየው። በረራዎ ሐሙስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ይነሳል፤ በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 23:30 ነው። አንድ ቦታ አውሮፕላን ቀይረው ዓርብ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 14:00 ይደርሳሉ። ደንቡ «ከመነሻ በፊት 72 ሰዓት» ካለ፣ ከሰኞ 23:30 በኋላ የተሰጠ ናሙና ሁሉ ይሠራል። «ከመድረሻ በፊት» ካለ ግን መነሻው ማክሰኞ 14:00 ነው። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ናሙና የሰጠ ሰው በመጀመሪያው ደንብ ያልፋል፣ በሁለተኛው በ5 ሰዓት ይወድቃል። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሰጥና ውጤቱ በ24 ሰዓት ቢደርስ ሐሙስ ጠዋት በእጁ ይገባል፤ በረራው ቢዘገይ እንኳ ዓርብ ከሰዓትን አልፎ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይቆያል። የሚመረጠው ይህ ነው። ላቦራቶሪው «በ24 ሰዓት» ሲል የሥራ ሰዓቱን ይሁን ሙሉ ቀኑን ጠይቁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የተሰጠ ናሙና ውጤቱ ሰኞ ሊደርስ ይችላል።

«72 ሰዓት» እና «3 ቀን» አንድ አይደሉም። አሜሪካ እስከ ኅዳር 2014 የምትጠይቀው 3 ቀን ነበር። በቀን የሚቆጠር ደንብ ሰዓቱን አያይም፤ እሑድ ማታ የሚነሳ ሐሙስ ማለዳ የሰጠው ናሙናም ይሠራለታል። ኅዳር 27 ላይ ወደ 1 ቀን ስታወርደው ዕድሉ በጣም ጠበበ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ናሙና ተቀባዩ በእኛ ሰዓት 3:00 ብሎ መዝግቦ ሰርተፊኬቱ ላይ ያው 3:00 ከታተመ፣ ሌላው ዓለም የሚያነበው ሌሊት 3:00 ብሎ ነው። ትክክለኛው 09:00 ነበር፤ 6 ሰዓት ጠፋ። ከሰዓት 9 ሰዓት የሰጠም 15:00 መሆን ሲገባው 9:00 ይጻፍበታል፤ አሁንም 6 ሰዓት። ቀን ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ የሚቀንሰው ከእርስዎ ነው። ከላቦራቶሪው ከመውጣትዎ በፊት «በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍልኝ» ይበሉ፤ ሲጻፍም ይዩ።

የቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። ክትባት ካርድ ላይ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ውጭ ሲነበብ ከ7 ወይም 8 ዓመት በፊት የተከተቡ ያስመስላል። በእጅ ሲያዛውሩ ደግሞ አንድ ቀን የምትዛነፍበት ጊዜ አለ። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ፣ ጳጉሜን 6 ስለነበረች፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 20 ገደማ ያሉት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር በአንድ ቀን ይገፋሉ። የ2012 መስከረም 1 በፈረንጅ መስከረም 12 ዋለ፤ የ2013ቱ ግን መስከረም 11። በ2020 ዓ.ም. ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ወራት የተወለደ ሰው ልደቱን ራሱ አስልቶ ከመናገር ይልቅ ከፓስፖርቱ ይገልብጥ።

ወረቀቱ ላይ ምን መኖር አለበት

ስም ከቀበሌ መታወቂያ ወይም ከአንደበት አይወሰድም። ከፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች ፊደል በፊደል ይገለበጣል። ኃይሉ የሚለው ስም በላቲን በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ የአየር መንገዱ መመዝገቢያ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለ ሰርተፊኬቱም ላይ ይኑር።

ከስሙ ሌላ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነት፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ ውጤት፣ የላቦራቶሪው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ማኅተምና ፊርማ ያስፈልጋሉ። የምርመራው ዓይነት ደንቡ ከሚለው ጋር ቃል በቃል ይጣጣም፤ ፒሲአር ብቻ በሚል አገር የአንቲጅን ፈጣን ምርመራ ውጤቱ ምንም ይሁን አይቀበሉትም። ኪውአር ኮድ ካለው በሌላ ሰው ስልክ ከፍተው ይሞክሩ። የማይከፈት ኮድ ጨርሶ ኮድ ካለመኖሩ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። ኔትዎርክና መብራት ስለማይታመን ሦስት ቅጂ አሳትመው ይያዙ፤ ማተሚያ ቤቶች በዓልና እሑድ ሊዘጉ እንደሚችሉም ያስቡ።

በቅርቡ ታመው ያገገሙ ሰዎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ፒሲአር የሞተ ቫይረስ ቅሪትንም ስለሚይዝ ከዳኑ ከሳምንታት በኋላ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ለዚህ ሲባል የማገገም ማስረጃ የሚቀበሉ ደንቦች ነበሩ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከመጀመሪያው ፖዘቲቭ ውጤት ከ11ኛው እስከ 180ኛው ቀን፣ አሜሪካ እስከ 90 ቀን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር። ስለዚህ ሲታመሙ የወጣውን የመጀመሪያ ውጤት አይጣሉት።

በክትባት በኩል ሁለት ነገር ይጣራ። የመጨረሻው መጠን ከተወሰደ 14 ቀን መሙላቱ፣ እንዲሁም የተከተቡት ዓይነት በዚያ አገር ዝርዝር ውስጥ በስም መኖሩ። በኢትዮጵያ በ2013 በቅድሚያ የተሰጠው ኮቪሺልድ የዓለም ጤና ድርጅት ፈቃድ ነበረው፤ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ ግን አልነበረም። የተቀበሉትና ያልተቀበሉት የአውሮፓ አገሮች የተለያዩት በዚህ ነው።

ዛሬም የሚሠራው፦ የቢጫ ወባ ካርድ

በስጋት ደረጃ የሚሠራ የመግቢያ ደንብ ዛሬ በእጃችን ያለ ምሳሌ አለው። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተመድባለች። ሕንድን የመሰሉ አገሮች ከእነዚህ የመጣን ሰው ካርዱን ይጠይቃሉ፤ ከሌለው እስከ 6 ቀን ለይተው ያቆያሉ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ በ10ኛው ቀን ነው፤ ሰኞ ተከትቦ ዓርብ መብረር ዋጋ የለውም። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ ክትባት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት አለፈው» ተብሎ ድጋሚ መከተብ አያስፈልግም።

የጉዞው ቀን

የአየር መንገዱ መመዝገቢያ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው የኤምባሲውን ድረ ገጽ ሳይሆን ቲማቲክ የሚባለውን የአየር መንገዶች የመግቢያ ደንብ መዝገብ ነው። ያልተፈቀደለትን ሰው ይዞ የሄደ አየር መንገድ ስለሚቀጣና መልሶ ስለሚያመጣው፣ በልመና የሚታለፍ ነገር የለም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰነድ ማጣራቱ ሰልፉን ስለሚያረዝመው ከበረራው 4 ሰዓት በፊት ቦሌ ይድረሱ። ባቡሩ አየር ማረፊያ አይደርስም። መንገዱ ከፒያሳም ከሜክሲኮም ቢነሱ በመስቀል አደባባይ በኩል ከሆነ፣ በደመራና በየካቲቱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን እንደሚዘጋ ቆጥረው ሌላ መውጫ ያዘጋጁ። ኦሪጅናል ሰነዶቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ ሻንጣው ከተላከ በኋላ ሰርተፊኬት መፈለግ ብዙ ሰው አስቀርቷል።

ከተከለከሉ የትኛው መስፈርት እንደጎደለ በግልጽ ይጠይቁና ይጻፉት፤ ሌላ ኃላፊ ቲማቲክ ላይ ደግሞ እንዲያይ መጠየቅም መብትዎ ነው። የጎደለው የሰዓት ስህተት ከሆነ ላቦራቶሪው አርሞ በኢሜይል እንዲልክ ስልኩን እዚያው ይደውሉ። ካልተቻለ ከአየር ማረፊያው ሳይወጡ በረራው ከመነሳቱ በፊት ቀን ያስቀይሩ። ዝም ብለው ወደ ቤት ከሄዱ ሳይመጡ እንደቀሩ ይመዘገባል፤ በብዙ ትኬት ደግሞ የመመለሻው ጉዞ ጭምር ይሰረዛል።